የአሥር በመቶዋ አዋጅ እና የፒያሳው ታፔላ

እስቲ ከፒያሳ እንጀምር። የአዲስ አበባዋን ማለቴ አይደለም፤ የእኛዋን፣ የሀዋሳዋን ነው። ከገብርኤል አደባባይ ተነስታችሁ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ግራና ቀኝ ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ፣ ከሆቴሉና ከባንኩ ታፔላ መካከል ሌላ ዓይነት ታፔላ ታያላችሁ። «... ልማት ድርጅት»፣ «... በጎ አድራጎት ማኅበር»፣ «... የሕፃናት ድጋፍ»። ከሥሩ የለጋሹ አርማ፣ ከአርማው ሥር ቀስት። ቀስቱ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይጠቁማል፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ነጭ ላንድክሩዘር ቆሟል። የሀዋሳ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኛ ሰፈር «ኤንጂኦ ገባ» ማለት «ሎተሪ ደረሰው» ማለት ነበር!

እኔ በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የፈለግኩት ግን ስለ አንድ ታፔላ ነው። አክስቴ ትሠራበት የነበረ ድርጅት ታፔላ። ስሙን አልጠራም። ትልቅ ድርጅት አልነበረም፤ ሀዋሳና ሻሸመኔ ላይ የሚሠራ፣ ገንዘቡን ከአውሮፓ የሚያገኝ፣ ባሏ የደበደባትን፣ ስትፈታ ባዶ እጇን የወጣችውን፣ ተጠልፋ የተዳረችውን ሴት በነፃ የሚያማክርና ፍርድ ቤት ድረስ የሚከራከርላት ድርጅት ነበር። አክስቴ መዝገብ ቤት ነበረች። በ2001 ዓ.ም. እኔ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቢሮዋ ጎራ አልኩ። አንድ ሠዓሊ መሰላል ላይ ቆሞ ታፔላውን እያደሰ ነበር። «የሴቶች መብት» ከሚለው ላይ «መብት» የምትለዋን በነጭ ቀለም ካጠፋት በኋላ በላይዋ «ልማት» ብሎ ጻፈ። ያኔ ማንበብ የቻልኩበት ወቅት ስለነበር ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አክስቴ አልሳቀችም።

ለምን እንዳልሳቀች የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጋዜጠኝነት ስማር ነው። ነገሩ ከአንድ ቢሮና ከአንድ ቆርቆሮ በላይ ነበር። ስለዚህ እስቲ ከሥሩ እንየው።

ከኤንጂኦ በፊት ማን ነበር?

መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት (በአጭሩ «መያድ») የሚለው ስም ከውጭ የመጣ ቢሆንም ነገሩ ግን አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው፣ ሣጥን የሚገዛው ዕድር መንግሥታዊ አይደለም። ዕቁብም አይደለም። ጽዋ ማኅበርም፣ ደቦም አይደለም። በእኛም አካባቢ ቢሆን ሲዳማው «ሴራ» የሚለው የመረዳጃና የመተዳደሪያ ሥርዓት ማንም ሚኒስቴር ሳይመዘግበው የኖረ ነው።

ከተሜው ሲበዛ እነዚህ ማኅበራት ሰፉ። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ከየነጋዴው ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ለማስቆረጥ ተደራጁ። በ1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሠረተ፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ አለ። ቀስ እያለ ግን ሰዎች አብረው መንገድ ሲሠሩ አብረው መጠየቅም ይጀምራሉና «የእኛ ልጆች ለምን አይማሩም?» ማለት መጣ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1967 ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት የሚደነግግ ምዕራፍ ነበረው፤ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ማኅበራት በአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ልብ በሉ፦ አገር ግዛት ሚኒስቴር ማለት ፖሊስንም የሚያዝ መሥሪያ ቤት ነው። መደራጀት ከመጀመሪያው የጸጥታ ጉዳይ ተደርጎ ተያዘ ማለት ነው። ይህ ደንብ ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ኢሕአዴግም ገብቶ እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት ቆየ። ሦስት መንግሥት አንድ ደንብ! በአገራችን እንዲህ ዕድሜ ያገኘ ሕግ ጥቂት ነው።

በረሃብ በር የገባ እንግዳ

ዛሬ ኤንጂኦ የምንለው ነገር በብዛት ወደ አገራችን የገባው በረሃብ በር ነው። ቀይ መስቀል ቀደም ብሎ በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ተቋቁሟል። ጎርፉ የመጣው ግን በወሎ ረሃብ ነው። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳየ። መንግሥት ግን ደብቆት ነበር። ክርስቲያናዊ የርዳታ ድርጅቶች ተሰባስበው ሲአርዲኤ የሚባለውን ኅብረት የመሠረቱት በዚያው ሰሞን ነው። የመንግሥቱ የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የዚያ ረሃብ ልጅ ነው።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ ታሪክ ራሱን ደገመ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በመብራትና በሰልፍ ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በጥቅምት ወር የማይክል ቡርክ ዘገባና የመሐመድ አሚን ካሜራ በቢቢሲ ወጡ። ከዚያ ባንድ ኤይድ፣ በቀጣዩ ሐምሌ ላይቭ ኤይድ... ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ስንዴው መጣ፤ ከስንዴው ጋር መኪናው፣ ከመኪናው ጋር ታፔላው መጣ።

አንድ ጥያቄ ግን አብሮ መጣ፤ ዛሬም አልተፈታም። የሚያበላህ ሰው ያየውን መናገር ይችላል ወይ? በ1978 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል «ርዳታው ሕዝብን በግዳጅ ለማስፈር እየዋለ ነው፤ በሰፈራው ሰው እየሞተ ነው» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ አብዛኞቹ ዝም ብለው መሥራቱን መረጡ። የትኛው ትክክል ነበር? ዝም ብሎ ማዳን ወይስ ተናግሮ መባረር? እኔ እስካሁን መልሱ አልመጣልኝም፤ ዝም ያሉት የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፈዋልና።

በሌላ በኩል ደግሞ በአማፂያኑ ግዛት እንደ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ (ማረት) ያሉ ድርጅቶች በሱዳን በኩል ርዳታ ያስገቡ ነበር። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አራት ኪሎ የገቡት ሰዎች ርዳታ ማለት ስንዴ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጉልበትም እንደሆነ ከማንም በላይ በኑሮ ያዩ ነበሩ ለማለት ነው። እኔ እንደማስበው በኋላ ለመጣው አዋጅ አንዱ ሥር እዚህ ጋ ነው።

ሁሉም ከባሕር ማዶ አልመጣም ደግሞ። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ሄደው ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ትዳራቸው ፈረሰ፤ ልጆቹ ግን አደጉ። ያኔ ፈቃድ የለ፣ ፕሮፖዛል የለ፣ ፐርዲየም የለ! እኚህ እናት በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ሁሉ አለቀሰ።

ዳቦ ከሚሰጥ ወደ መብት የሚጠይቅ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አዲስ ዓይነት ድርጅት ተወለደ። በ1984 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባዔን (ኢሰመጉ) መሠረቱ። ኢሰመጉ ስንዴ አያከፋፍልም፤ የሞተውን፣ የታሰረውን፣ የተፈናቀለውን በስምና በቀን ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከተለ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ።

ይህ ማኅበር ያደረገውን የእኔ ትውልድ ሴቶች ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ። በድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንድ ወንድ ሴት ልጅ ጠልፎ በኋላ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። አዎ፣ በሕግ! ማኅበሩ ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ጠበቃ ቆሞላት በነፃ አስለቅቋል («ድፍረት» የተባለው ፊልም ታሪክ ከዚህ የተነሳ ነው)። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከእነዚህ ሴቶች ጉትጎታ ጋር የተያያዙ ናቸው። አዲሱ የወንጀል ሕግ ጠለፋም ግርዛትም ወንጀል መሆናቸውን በግልጽ ደነገገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን መንገዱ ቀና አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ማኅበሩ ከፍትሕ ሚኒስቴር እግድ ተጥሎበት ነበር፤ ቆይቶ ተነሳለት።

ወደኛ ወደ ደቡብ ስንመጣ ደግሞ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ አሉ። ከእህታቸው ከፍቅርቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባታ ላይ ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ግርዛትን «ኋላቀሮች» ብለው በመስደብ አልጀመሩም፤ መጀመሪያ ድልድይ ሠሩ። ሕዝቡ የጠየቃቸው ድልድይ ነበርና። ከዚያ ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ጎረምሳውን፣ ልጅቷን አንድ ዛፍ ሥር አስቀምጠው አወያዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ «ያልተገረዝኩ ነኝ» ብላ በኩራት። እ.ኤ.አ. በ2008 የዩኒሴፍ ጥናት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴት ይገረዝበት በነበረው በዚያ አካባቢ ልማዱ ወደ 3 በመቶ መውረዱን ገለጸ። እስቲ ንገሩኝ፦ ይህ «ልማት» ነው ወይስ «መብት»? ድልድዩን ከውይይቱ በምን መቀስ ነው የምትለዩት? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የምርጫ 97 ድንጋጤ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የሆነውን እኔ በዕድሜ አላስታውሰውም፤ የተማርኩት ከጋዜጣ ክምችትና ከታላላቆቼ ነው። ከምርጫው በፊት የአገር ውስጥ ድርጅቶች ስለ ምርጫ ሕዝቡን ሲያስተምሩ፣ ክርክር ሲያዘጋጁ ከረሙ። ምርጫ ቦርድ «መታዘብ አትችሉም» ሲላቸው ከሰሱት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸና። ችግሩ ፍርዱ የጸናው ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። ቢሆንም መንግሥትን ከስሶ መርታት በኢትዮጵያ ስንቴ ይታያል?

ከምርጫው በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከተቃዋሚ መሪዎችና ከጋዜጠኞች ጋር ሁለት የሲቪል ማኅበረሰብ ሰዎችም ታሰሩ፤ ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ። ሌሎቹ ይቅርታ ጠይቀው ሲወጡ እነሱ ክሳቸውን መከላከል መረጡ፤ ተፈረደባቸው፤ በ2000 ዓ.ም. መጋቢት ተፈቱ።

በዚያው ዓመት የአዋጁ ረቂቅ ይወራ ጀመር። በእኔ ግምት የአጋጣሚ ጉዳይ አልነበረም። ታሪካችንን ስታዩት የማኅበር ሕግ የሚወጣው ማኅበራት ስለበዙ ሳይሆን መንግሥት ስለደነገጠ ነው።

አሥር በመቶ

ታኅሣሥ 28 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በገና ዋዜማ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621ን አጸደቀ። አዋጁ ድርጅቶችን በሦስት መደባቸው፦ የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎች እና የውጭ። «የኢትዮጵያ» ለመባል ከገቢህ ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ መምጣት የለበትም። አሁን ዋናው ነገር መጣ። በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በብሔር፣ በጾታና በሃይማኖት እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ አገልግሎት ላይ መሥራት የሚችሉት እነዚህ «የኢትዮጵያ» የተባሉት ብቻ ናቸው። ሌላው ጉድጓድ ይቆፍር፣ ክትባት ይስጥ!

በተጨማሪም ከወጪህ ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠው ለአስተዳደር ይሁን ተባለ። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ሲተገበር ግን የአሠልጣኙ ደመወዝ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የክትትሉ ጉዞ «አስተዳደር» ውስጥ እየተቆጠረ ብዙ ሥራ ሽባ ሆነ። ገንዘብ በእጁ ለማያከፋፍል፣ ሥራው ማማከርና ማስተማር ለሆነ ድርጅት ባለሙያው ራሱ ነው ሥራው!

ለመንግሥት ፍትሐዊ እንሁን። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። «ፖለቲካዊ መብት የዜጋ ነው፤ ስለዚህ በዜጋ ገንዘብ ይጠየቅ። የውጭ መንግሥት ገንዘብ እየሰጠ ፖለቲካችንን አያሽከርክር» ይሉ ነበር። ሕንድም የውጭ ገንዘብን የሚቆጣጠር ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አላት፤ ሩሲያም እ.ኤ.አ. በ2012 «የውጭ ወኪል» የሚል ሕግ አውጥታለች። ደግሞ እኛም የምናውቀው ጉድ አለ፤ ለአንድ ቀን ስብሰባ ሐይቅ ዳር ሆቴል ሦስት ቀን ማደር፣ ለሥልጠና ሳይሆን ለአበል መምጣት፣ ላንድክሩዘሩ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመላልስ... ሀዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት፤ አታስዋሹኝ!

ነገር ግን ለአበል ሌባ የሚወጣ ሕግና ለጠበቃ የሚወጣ ሕግ ይለያያል። አዋጁ የመታው ማንን ነበር? አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ኢሰመጉ ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከሠራተኞቹ 70 በመቶ ያህሉን አሰናበተ። የሁለቱም በባንክ የነበረ ገንዘብ ታገደ፤ ኢሰመጉ ተከራክሮ በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸነፈ። ስሙ እንኳ አልቀረለትም፤ «የኢትዮጵያ» የምትለውን ጥሎ «ሰብዓዊ መብቶች ጉባዔ» ተባለ። ኢሰመጉ «ሰመጉ» ሆነ። «ኢ» የወደቀችው እንዲህ ነው።

እዚህ ፒያሳ ላይ ደግሞ «መብት» ወደቀች። የአክስቴ ድርጅት ከፊቱ ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ የውጭ ገንዘቡን ትቶ ባዶ እጁን ጠበቃ ማቆም፤ ወይ ገንዘቡን ይዞ ጥብቅናውን መተው። ሁለተኛውን መረጠ፤ ስለ ሳሙና፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ መጸዳጃ ቤት ማስተማር ጀመረ። አልፈርድባቸውም፤ ደመወዝ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ነበሩ። መጸዳጃ ቤትም ያስፈልጋል።

«ከባዱ» አለችኝ አክስቴ ባለፈው ስንጨዋወት፣ «ከባዱ ታፔላው አልነበረም የኔ ልጅ። ሴቶቹ ማንበብ አይችሉማ!» ታፔላው ከተቀየረ በኋላም ለወራት ይመጡ ነበር። ከገጠር ቅቤ ሸጠው በሚኒባስ ተሳፍረው፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው። «እትዬ፣ ቀጠሮዬ ነገ ነው፤ ጠበቃዋ የለችም?» ይሏታል። እሷም «አሁን ይሄን ሥራ አንሠራም» ትላለች። አንዷ «ታዲያ አሁን ምን ትሠራላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ ሳሙና ሰጠቻት። ሌላ የምትሰጣት ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። አዋጁ ልማትን ከመብት በመቀስ ለየ። የቦጋለች ገብሬ ሥራ የሚያሳየው ደግሞ ድልድዩ የሚወስደው ወደ ውይይቱ እንደሆነ ነው። የተደበደበች ሴት እጇን በሳሙና ብትታጠብ ጥሩ ነው፤ ግን የተሰበረው እጇ ነው።

ሕጉ ሲፈታ

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ጸደቀ። አሥር በመቶዋ ቀረች። አገር በቀል ድርጅት ገንዘቡ ከየትም ይምጣ በመብት ላይ መሥራት ቻለ። ንግድ ሠርቶ ገቢውን ለዓላማው ማዋል ተፈቀደለት። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ሆነ፤ ትርጉሙ ግን ጠበበ፣ ተስተካከለ። ኢሰመጉም «ኢ»ውን መለሰ። ያ ታስሮ የነበረው ዳንኤል በቀለ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ። ወይዘሮ መዓዛ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ለአፍታ ያህል ታሪክ የተካሰ መሰለ።

ለአፍታ ያህል ነው ያልኩት በምክንያት ነው። ጦርነቱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሆላንድ ክፍልና የኖርዌይ ስደተኞች ምክር ቤት ለሦስት ወር ታገዱ። የ1978ቱን አስታወሳችሁ? በ2017 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች «ከገለልተኝነት ወጣችሁ» ተብለው ታገዱ። ይህ ሁሉ የሆነው በዚያው ጥሩ በተባለው አዋጅ ሥር ነው። ከዚህ የምማረው ጥሩ ሕግ ግማሽ መንገድ ብቻ መሆኑን ነው። ቀሪው ግማሽ የሚለካው ድርጅቱ ሲታገድ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ዜጋ በመኖሩ ነው።

ዋሽንግተን ደገመችው

በ2017 ዓ.ም. ጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በአንድ ፊርማ አቆመ። ዩኤስኤአይዲ ፈረሰ። በኤችአይቪና በወባ ላይ የሚሠሩ ወደ 5000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት በአገራችን ተቋረጠ። ሀዋሳም ደረሰ፤ አብረውኝ የተመረቁ ልጆች «ኮሙኒኬሽን ኦፊሰር» ከሚለው ወንበራቸው ተነስተው ሲቪ ይዘው ሲዞሩ አይቻለሁ። ውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ላይ ቀስት ያለው፣ ቢሮ የሌለው ታፔላ አሁንም ታገኛላችሁ።

አስቂኙ፣ ማለቴ አሳዛኙ ነገር ምን መሰላችሁ? በ2001 ዓ.ም. አራት ኪሎ የጠየቀችንን ጥያቄ በ2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ደገመችው። «የራሳችሁ ገንዘብ የታለ?» ነው ጥያቄው። ያኔ አራት ኪሎ የጠየቀችው ለማፈን ነበር፤ ዋሽንግተን ደግሞ ለመገላገል። የጠያቂዎቹ ሐሳብ መጥፎ መሆን ግን ጥያቄውን ስህተት አያደርገውም።

ደግሞ እኛ ሰጪዎች አይደለንም ማን አለ? መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በዚያው በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ ሕዝቡን በቀጥታ ስርጭት ሲለምን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተሰበሰበ። ከሊስትሮ እስከ ባለሀብት፣ ከጅማ እስከ አሜሪካ። ይህ የዕድር ልብ ነው፤ አልሞተም።

ነገር ግን ልብ እንበል። ለአረጋዊ፣ ለወላጅ አልባ፣ ለበሽተኛ እንሰጣለን። ለጠበቃስ? የታሰረውን ቆጥሮ ለሚመዘግበውስ? ለምርጫ ታዛቢውስ? ለዳቦ የሚዘረጋው እጃችን ለፍትሕ ሲሆን ኪስ ውስጥ ይቀራል። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፦ «ለመቄዶንያ ሰጠሁ» ብለህ ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለህ፤ «ለኢሰመጉ ሰጠሁ» ብለህ ግን ለጎረቤትህም አትነግርም። ሌላው ምክንያት ልማድ ነው፦ ለሠላሳ ዓመት ያህል መብት የሚጠይቀው ድርጅት የፈረንጅ ገንዘብ ስላለው የእኛ እንደሆነ አላሰብንም። አዋጁ ያቆሰለን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የውጭውን ገንዘብ ከለከለ፤ የአገር ውስጡን ሰው ደግሞ አስፈራርቶ አስቀረው። ዘጠና በመቶውን ከማን ታገኘው ኖሯል?

ዕድር ለምን ሦስት መንግሥት ተሻገረ ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ፈረንጅ ስላልረዳው ነው፤ ደግሞም ማንም መዋጮውን ሲከፍል ስላልፈራ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። መንግሥት ድርጅቶችን መመዝገቡን፣ ሒሳባቸውን ማስመርመሩን አልቃወምም፤ በድሃ ስም የመጣ ገንዘብ የት እንደገባ መጠየቅ አለበት። ጠያቂው ግን ሒሳቡን ይጠይቅ እንጂ ሐሳቡን አይጠይቅ። እኛም ደግሞ «ኤንጂኦ ገባ፣ ሎተሪ ደረሰው» ከሚለው ወጥተን በወር ለዕድር እንደምንከፍለው ለአንዲት ሴት ጠበቃ የሚሆን ትንሽ ብር ማዋጣት እንልመድ።

የአክስቴ ድርጅት አሁን የለም። ገንዘቡ ሲያልቅ ተዘጋ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ታፔላው ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ቆሞ አየሁት። ዝናብና ፀሐይ ነጩን ቀለም ልጦታል። «ልማት» ከሚለው ሥር «መብት» እንደገና ብቅ ብላለች፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይነበባሉ። ለአክስቴ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳየኋት። አየችው፣ ቆየች፣ ከዚያ «ያቺ ቅቤ ሻጭ ፍርዱ ምን ሆኖ ይሆን?» አለች።

እኔም አላውቅም። ቸር ያሰንብተን።